የጂምፕ አይከኖች ሁሉም ግራጫ ሆነው ሰልጣኞች መለየት አቃታቸው፤ የትኛው ስብስብ ይሻላል? እንዴትስ ይስተካከላል?

የኮዬዋ_አሰልጣኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላለች አነስተኛ የዲዛይን ማሰልጠኛ ምክር ፈልጌ ነው። ስምንት ማሽን አለን። ስድስቱ ዊንዶውስ 7፣ ራማቸው 4 ጊጋ፣ ጂምፕ (ነፃው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም) 2.10.38 የተጫነባቸው ናቸው። ሁለቱ ዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ሲሆኑ ጂምፕ 3.0 አላቸው።

በ2.10 ላይ የሚታየው ጥቁር መደብ ላይ ግራጫ አይከን ብቻ ነው። ጀማሪ ሰልጣኝ ሂልን ከክሎን፣ ስመጅን ከብለር አይለይም፤ ማውሱን አንዱ ላይ አቁሞ ስሙ እስኪወጣ ይጠብቃል። አንዳንዱን መሣሪያ ደግሞ «ጭራሽ የለም» ይላሉ። ላፕቶፖቹ ላይ አይከኖቹ ከማነሳቸው የተነሳ ለዓይን ያስቸግራሉ። ከዚህ ሌላ የተወሰኑ አይከኖችን በሚገባን ሥዕል ተክተን ስምንቱም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ማድረግ እንፈልጋለን። ዳታ ስለሚወደድብን ብዙ ዳውንሎድ የማይጠይቅ መንገድ ብትጠቁሙኝ።

መስመር_በመስመር

እህቴ፣ ለመጀመሪያው ችግር ምንም ዳውንሎድ አያስፈልግም። ባለቀለሙ ስብስብ ከጂምፑ ጋር አብሮ ገብቷል፣ መምረጥ ብቻ ነው የቀረው።

በ2.10፦ «ኤዲት» ውስጥ ከታች «ፕሪፈረንስስ»፣ በግራ ካለው ዝርዝር «ኢንተርፌስ»ን ዘርግተሽ «አይከን ቲም»። እዚያ «ከለር»፣ «ሌጋሲ»፣ «ሲምቦሊክ» (አሁን የምታዪው ባለአንድ ቀለም ግራጫው) እና የሲምቦሊክ ዝርያዎች ተደርድረው ታገኛለሽ። ለጀማሪ «ከለር»ን ምረጪ። «ሌጋሲ» የ2.8 ዘመን አይከኖች ናቸው፤ በድሮው ለለመደ ሰው ይመቻሉ፣ ለአዲስ ሰው ግን ብልጫ የላቸውም።

ሲምቦሊክ ላይ መቆየት ከፈለጋችሁ አንድ ነገር እወቁ። በ2.10 የአይከኑ ቀለም የመደቡን ቀለም ተከትሎ አይቀየርም። ተራው ሲምቦሊክ የተሠራው ለጥቁር መደብ ነው። ቲሙን «ላይት» አድርጋችሁ አይከኑን ካልቀየራችሁ ነጣ ባለ መደብ ላይ ነጣ ያለ አይከን ይሆንና ከዓይን ይጠፋል። ለነጩ መደብ «ኢንቨርትድ» የሚል ቃል ያለበትን ምረጡ። «ሃይ ኮንትራስት» የሚለው ደግሞ ስክሪናቸው ለደከመ አሮጌ ሞኒተሮች ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

«የለም» የተባሉት መሣሪያዎች አልጠፉም። ከ2.10.18 ጀምሮ፣ በ2020 ማለት ነው፣ ተመሳሳይ መሣሪያዎች በአንድ አይከን ሥር ተሰብስበዋል። አይከኑ ጥግ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ካለች ከሥሩ ሌሎች አሉ ማለት ነው፤ ራይት ክሊክ ሲደረግ ይወጣሉ። ለጀማሪ ሁሉም ተዘርግቶ ቢታይ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፦ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ኢንተርፌስ»፣ «ቱልቦክስ»፣ ከዚያ «ዩዝ ቱል ግሩፕስ» ላይ ያለውን ምልክት ማንሳት።

ገላን_ፒክስል

3.0 ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የአይከን ምርጫው ሁለት ነው፦ «ዲፎልት» እና «ሌጋሲ»። ባለቀለሙ ዲፎልት ውስጥ ነው ያለው፣ ግን ተሸፍኗል። «ኢንተርፌስ» ሥር «ዩዝ ሲምቦሊክ አይከንስ ኢፍ አቬይለብል» የሚለውን ምልክት ስታነሺው ቀለሙ ይወጣል። በዚህ ቨርዥን ሲምቦሊኮቹ ከመደቡ ጋር ራሳቸው ቀለም ስለሚቀይሩ «ኢንቨርትድ» የሚባል ምርጫ አያስፈልግም፣ የለምም።

ማነሱን በተመለከተ፣ ጂምፕ 3 የተሠራበት ጂቲኬ 3 (መስኮቱንና አዝራሩን የሚሠራለት) ዊንዶውስ ላይ የሚያሳድገው በሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፦ ወይ 1 እጥፍ ወይ 2 እጥፍ። ላፕቶፑ 125 ወይም 150 ፐርሰንት ላይ ከሆነ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ ሲያድግ ጂምፕ በ1 ይቀራል። የዊንዶውሱን ስኬል መነካካት አያስፈልግም። «ቲም» ገጽ ላይ «ኦቨርራይድ አይከን ሳይዝስ» የሚለውን አብርተሽ ተንሸራታቹን ወደ «ላርጅ» ውሰጂው፤ «ሂዩጅ» 14 ኢንች ስክሪን ላይ ቱልቦክሱን ከልክ በላይ ያሰፋዋል። ጽሑፉም ካነሰ እዚያው ገጽ ላይ የፎንት ማሳደጊያ አለ። በ2.10 መጠኑ የሚገኘው «አይከን ቲም» ገጽ ላይ «ከስተም አይከን ሳይዝ» በሚል ነው።

ስለ መደቡም ልጨምር። ለባነርና ለፎቶ ሥራ «ግሬይ» ከ«ዳርክ» ይሻላል። በጥቁር የተከበበ ፎቶ ለዓይን ከእውነቱ በላይ የፈካ ይመስላል፣ ሰልጣኙ ብርሃን ሳይጨምርበት ይተወዋል፣ ከማተሚያው ሲወጣ ይጠቁራል።

ሰበታ_ማተሚያ

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ አይከን ቀለም ትጨነቃላችሁ። ሠራተኛ መሆን የሚፈልግ ሰው አቋራጭ ቁልፉን ነው መያዝ ያለበት። ክሎን «ሲ»፣ ሂል «ኤች»፣ ሙቭ «ኤም»፣ ጽሑፍ «ቲ»፣ ክሮፕ ሺፍት ከ«ሲ» ጋር። ይህን የያዘ ሰው ቱልቦክሱን ዞር ብሎም አያይም። ባለቀለም አይከን ለምዶ ሌላ ቤት ሲቀጠር ግራጫውን ሲያይ ይደናገራል።

ፊደል_ለቃሚ

ጋሼ፣ አቋራጩ ጠቃሚ መሆኑን እኔም እቀበላለሁ። ግን እርስዎም እንደሚያውቁት የእኛ ሥራ ግማሹ በአማርኛ ጽሑፍ ነው። ሰልጣኙ ባነር ላይ ስም ለመጻፍ ኪማን ወይም ፓወር ግዕዝ ያበራል፣ ይጽፋል፣ ከዚያ «ኤም» ሲጫን ሙቭ አይመጣም፤ ኪቦርዱ አሁንም አማርኛ ላይ ነው። የጽሑፍ ሳጥኑ ክፍት ከሆነማ መሃሉ ላይ «ም» ይጨመርበታል። ኪቦርዱን የማያቀያይር የውጭ ዲዛይነር ይህ ችግር የለበትም፣ እኛ ግን በሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ እንቀያይራለን። ስለዚህ እዚህ አገር አይከን በዓይን መለየቱ ከአቋራጩ እኩል ዋጋ አለው። ሁለቱንም ያስተምሩ ባይ ነኝ።

ቀለም ላይ ብቻ መደገፍ ግን አይገባም፣ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ቀይና አረንጓዴን የማይለይ ሰልጣኝ ይኖራል። የራሳችሁን አይከን ስትሠሩ በመጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ሆኖ በቅርጹ የሚለይ አድርጋችሁ፣ ቀለሙን በኋላ ጨምሩበት። ከመደቡ ጋር ያለው የብርሃን ልዩነትም ቢያንስ 3 ለ 1 ይሁን፤ በ2018 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.1 ለምልክቶች ያስቀመጠው ልክ እሱ ነው፣ ለዚህም ይሠራል።

ሰበታ_ማተሚያ

የኪቦርዱ ነገር እውነት ነው። እሱን አላነሳሁትም፤ ተቀብያለሁ።

የኮዬዋ_አሰልጣኝ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስድስቱን «ከለር» አደረግኳቸው፣ ቱል ግሩፑንም አነሳሁ፣ ወዲያው ለውጥ አለው። አሁን ወደ ማስተካከሉ እንምጣ። መቀየር የምፈልገው ክሎንን፣ ሂልን እና የጽሑፉን መሣሪያ ነው። የጽሑፉን የላቲን ፊደል በእኛ ፊደል መተካት ነው ያሰብኩት። ከየት ልጀምር?

መስመር_በመስመር

መጀመሪያ ዋናውን ፎልደር አትንኪ። «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ያለውን ብታስተካክዪ ጂምፕ እንደገና ሲጫን ወይም ሲታደስ ሥራሽ ሁሉ ይደመሰሳል፤ ዊንዶውሱም በየፋይሉ የአድሚን ፈቃድ ይጠይቅሻል።

አካሄዱ ይህ ነው። «ፕሮግራም ፋይልስ»፣ «ጂምፕ 2»፣ «ሼር»፣ «ጂምፕ»፣ «2.0»፣ «አይከንስ»። እዚያ ያለውን «ከለር» ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርጊ። ከዚያ የፎልደር ማሳያው አድራሻ ሳጥን ውስጥ «አፕዳታ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በሁለት የፐርሰንት ምልክት መሃል ጽፈሽ ኢንተር በይ፤ የተደበቀው ፎልደር ይከፈታል። «ጂምፕ»፣ «2.10»፣ «አይከንስ» ውስጥ ፔስት አድርጊና ስሙን ቀይሪው፣ ለምሳሌ «ኮዬ» ብለሽ በላቲን ፊደል። ፕሪፈረንስስ ውስጥ የምታዪው የፎልደሩን ስም ነው። ውስጡ ያለውን የኢንዴክስ ፋይል እንዳትሰርዢው፣ ጂምፕ ስብስቡን የሚያውቀው በእሱ ነው። የአይከን ካሽ ፋይል ካገኘሽ ግን ሰርዢው፤ ካሹ ከቀረ አዲሱን ሥዕል ትቶ የድሮውን ዝርዝር ሊከተል ይችላል።

የእያንዳንዱ ሥዕል ፋይል ስም ፊደል በፊደል እንደነበረ መቆየት አለበት። ሰረዟ እንኳ ከተለወጠች ጂምፕ ያንን አይከን አያገኘውም። የፋይሉ ዓይነትም አይቀየር፤ ፒኤንጂ (በፒክስል የሚቀመጥ ሥዕል) ከነበረ ፒኤንጂ፣ ኤስቪጂ (በመስመር ቅርጽ የሚቀመጥ ሥዕል) ከነበረ ኤስቪጂ። ሥዕሉን ከተካሽ በኋላ ጂምፕን ዘግተሽ ክፈቺ፤ ክፍት እያለ የተለወጠ ፋይል አይታይም።

የ2.10ን ፎልደር ወደ 3.0 አትውሰጂ። ለላፕቶፖቹ ከራሱ ከ3.0 «ዲፎልት» ጀምሪ። እዚያ እያንዳንዱ መሣሪያ ባለቀለምና ሲምቦሊክ ሁለት ዝርያ አለው፤ ባለቀለሙን ተክተሽ የሲምቦሊክ ምልክቱን ካላነሳሽ ምንም ያልተለወጠ ይመስልሻል።

ገላን_ፒክስል

አሁን ዋናው ሥራ፣ ሥዕሉ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፦ አንድ ትልቅ ሥዕል ሠርቶ ወደ ሁሉም መጠን ያሳንሳል። በ24 ፒክስል ላይ 2 ፒክስል ውፍረት ያለው መስመር ወደ 16 ሲወርድ 1.33 ፒክስል ይሆናል። ስክሪን ደግሞ ሲሶ ፒክስል የለውም፣ ትርፉን በደብዛዛ ግራጫ ያዳርሰዋል። ስለዚህ 24ን ለብቻ፣ 16ን ለብቻ ይሳሉ። 24ን ወደ 48፣ 16ን ወደ 32 ማሳደግ ግን ልክ እጥፍ ስለሆነ ይቻላል። «ስኬል ኢሜጅ» ውስጥ «ኢንተርፖሌሽን»ን «ነን» ብትይው ጠርዙ ንጹህ ሆኖ ያድጋል፤ ከዚያ ዝርዝር መጨመር ነው።

ክሎንን እንውሰድ፣ ማህተም ነው። 24 በ24 አዲስ ምስል፣ መደቡ ትራንስፓረንት። ከአራቱም ጎን 2 ፒክስል ባዶ ተዪ፣ የሚቀርሽ 20 በ20 ነው። «ኢሜጅ» ውስጥ «ኮንፊገር ግሪድ» 1 ፒክስል አድርገሽ ከ«ቪው» «ሾው ግሪድ»ን አብሪ። ዙሙ 1600 ፐርሰንት። መሳያው ፔንስል፣ ብሩሹ 1 ፒክስል። ፔይንትብራሽ አትጠቀሚ፣ ጠርዙን ያለሰልሰዋል። የማህተሙን እጀታ 4 ፒክስል ስፋት፣ ከታች የሚያትመውን ሰሌዳ ደግሞ 16 ፒክስል ስፋትና 4 ፒክስል ቁመት ስጪው። ከሰሌዳው ሥር 1 ፒክስል ክፍተት ትተሽ 2 ፒክስል ውፍረት ያለው የቀለም መስመር አስምሪ። ያቺ ክፍተት ናት ማህተሙን ከጠርሙስ የምትለየው። 16 ላይ ስትሳዪ እጀታውን ወደ 2 አውርጂው፣ ክፍተቷን ግን እንዳለች አቆያት።

ስትሠሪ «ቪው»፣ «ኒው ቪው» ብለሽ ያንኑ ምስል በሌላ መስኮት 100 ፐርሰንት ላይ አስቀምጪ። በ1600 ያማረ በ100 የማይነበብ ብዙ ነው፣ ፍርዱ በትንሿ መስኮት ነው።

ለሂል ያለው ፕላስተር በዲያጎናል የተኛ ስለሆነ በ16 ፒክስል ጠርዙ መሰላል ይሆናል። አግድም አስተኚውና መሃሉ ላይ 4 ነጥብ በካሬ አድርጊበት። ማህተሙ ቆሞ፣ ፕላስተሩ ተኝቶ ሲታይ ያለ ቀለምም አይምታቱም።

ፊደል_ለቃሚ

ስለ ፊደሉ፦ ለ16 ፒክስል ሁሉም ፊደል አይሆንም። «ፀ»፣ «ጭ»፣ «ሏ» ውስጣቸው ይደፈንና ጉብታ ይሆናሉ። ቀጥ ያለ መስመር ያለው ፊደል ፒክስል ላይ ንጹህ ይቀመጣል። ለዚህ «በ» ጥሩ ነው፦ አናቱ 10 ፒክስል፣ ሁለቱ እግሮች 2፣ 2 ፒክስል፣ መሃሉ 6 ባዶ። ከፎንት አትገልብጪው። ናያላን በ16 ፒክስል ብትጽፊበት ቀጭኑ መስመር ይበጣጠሳል። በእጅ በፔንስል ሳዪው፣ ከዚያ ከጎኑ የጽሑፍ ጠቋሚ የምትመስል 1 ፒክስል ቋሚ መስመር ጨምሪበት፤ ያለሷ ጠረጴዛ ይመስላል።

የኮዬዋ_አሰልጣኝ

ማህተሙን ሠራሁት፣ 24ቱ ያምራል። ሁለት ነገር ግን አልሆነልኝም። አንድ፦ ከነባሩ አይከን አንዱን ከፍቼ ሰማያዊ ልቀባው ስል የሚወጣው ሌላ ቀለም ነው። ሁለት፦ ከኢንተርኔት ያገኘሁት ፕላስተር ጥቁር መደብ ላይ ሲቀመጥ ዙሪያውን ነጭ ክር አለው።

ገላን_ፒክስል

ቀለሙ፦ ምስሉ «ኢንዴክስድ» ላይ ስለሆነ ነው፤ ከያዛቸው ቀለሞች ውጭ አይቀበልም። «ኢሜጅ»፣ «ሞድ»፣ «አርጂቢ»። ከዚያ ሌየሮች ዝርዝር ላይ «ሎክ አልፋ» (ባዶውን ቦታ የምትቆልፈው) የምትለዋን የቼዝ ሰሌዳ ምልክት ተጫኚ፣ ፎርግራውንዱን ሰማያዊ አድርጊና ከ«ኤዲት» «ፊል ዊዝ ፎርግራውንድ ከለር»። አልፋው ስለተቆለፈ የጠርዙ ልስላሴ ሳይነካ ቅርጹ ብቻ ይቀባል። «ከለራይዝ» አይበጅም፤ ጥቁርን ጥቁር አድርጎ ነው የሚተወው።

ነጩ ክር፦ ፕላስተሩ ነጭ መደብ ላይ ተስሎ ኋላ የተቆረጠ ነው፤ የጠርዙ ፒክስሎች ከነጭ ጋር ተቀላቅለዋል። መጥረጊያ ይዘሽ አትሩጪ። ነጩ መደብ ያለበት ዋናው ካለሽ በማጂክ ዋንድ ከመቁረጥ «ከለርስ»፣ «ከለር ቱ አልፋ»፣ ነጭ። ይህ ከጠርዙ ላይ ነጩን ብቻ ይመጥጣል። ግን የፕላስተሩን ውስጥ ነጭም ይወስደዋል፤ ስለዚህ ከሥሩ አዲስ ሌየር ከፍተሽ ውስጡን መልሰሽ ሙዪው፣ ከዚያ «መርጅ ዳውን»። ዋናው ከሌለሽና ቅርጹ ቀላል ከሆነ እንደገና መሳሉ ይፈጥናል፤ 16 በ16 ማለት 256 ፒክስል ነው።

ስትጨርሺ ኤክስሲኤፉን (የጂምፕን የራሱን የሥራ ፋይል) ሴቭ አድርጊ፣ ፒኤንጂውን ግን በ«ኤክስፖርት አዝ» ነው። እዚያ «ሴቭ ከለር ቫልዩስ ፍሮም ትራንስፓረንት ፒክስልስ» የሚለውን አንሺ።

መስመር_በመስመር

ከኢንተርኔት ስትወስዱ ፈቃዱን እዩ። ማቴሪያል አይከንስ አፓቼ 2.0፣ ፌዘርና ታብለር ኤምአይቲ ናቸው፤ አስተካክሎ መጠቀም ይቻላል። የፎንት ኦሰም ነፃዎቹ አይከኖች ስም መጥቀስን ይጠይቃሉ። ታንጎ የሕዝብ ሀብት ነው። ከሁለት ስብስብ አታዳቅሉ፤ የአንዱ መስመር 2 ፒክስል የሌላው 1.5 ይሆንና ጎን ለጎን ሲቆሙ ያስታውቃል።

ለ3.0 ኤስቪጂውን ጂምፕ ውስጥ አትክፈቱ፤ ሲገባ ወደ ፒክስል ይለወጣል፣ ቅርጹን ይዞ ተመልሶ አይወጣም። የመስመር ሥዕል ፕሮግራሙ ኢንክስኬፕ ነው መሣሪያው። የገጹ መጠን ከነባሩ ፋይል ጋር አንድ ይሁን። 2 ፒክስል መስመር ማዕከሉ ሙሉ ቁጥር ላይ፣ 1 ፒክስል መስመር ማዕከሉ ነጥብ 5 ላይ ሲቀመጥ ነው ጥርት የሚለው። ሲምቦሊክ ከሆነ ደግሞ መስመሩን ሁሉ «ፓዝ»፣ «ስትሮክ ቱ ፓዝ» አድርጉት፤ ጂቲኬ ቀለም የሚቀይረው ሙሌቱን ነው፣ ስትሮክ ሆኖ የቀረ መስመር ጥቁር እንደሆነ ጥቁር መደብ ውስጥ ይሰጥማል። ሴቭ ሲደረግ «ፕሌን ኤስቪጂ»።

የጣፎ_ጥገና

ስምንቱን አንድ ለማድረግ፦ የ«ኮዬ»ን ፎልደር በፍላሽ ይዘሽ በየማሽኑ የተጠቃሚ ፎልደር ውስጥ አስገቢ፤ ለስድስቱ ከ2.10 የሠራሽውን፣ ለሁለቱ ላፕቶፖች ከ3.0 የሠራሽውን። በየማሽኑ ፕሪፈረንስስ ላለመክፈት ከአንዱ ማሽን «ጂምፕአርሲ» የሚባለውን ፋይል ከ«2.10» ፎልደር ወስደሽ ለአምስቱ መስጠት ትችያለሽ፣ ምርጫሽን ሁሉ የያዘው እሱ ነው። ፋይሉን ስትገለብጪ ጂምፕ ዝግ ይሁን። የሜሞሪ ልኩንም አብሮ ስለሚይዝ ራማቸው ለማይመሳሰል ማሽኖች አትስጪ፤ ከ2.10 ወደ 3.0ም አትውሰጂው። የቀድሞውን ፋይል በሌላ ስም አስቀሪ፣ ካልተስማማ ትመልሽዋለሽ።

ሌላው የመብራቱ ጉዳይ ነው። ጂምፕ የመስኮቶቹን አቀማመጥ የሚመዘግበው በሥርዓቱ ሲዘጋ ነው፤ መብራት ድንገት ከሄደ ያስተካከላችሁት አቀማመጥ ይቀራል። «ፕሪፈረንስስ»፣ «ዊንዶው ማኔጅመንት» ውስጥ «ሴቭ ዊንዶው ፖዚሽንስ ናው»ን ተጫኚና «ኦን ኤግዚት» የሚለውን ምልክት አንሺ። ያኔ መብራት ቢሄድም፣ ሰልጣኝ ፓነሉን ቢበትነውም፣ በሚቀጥለው ሲከፈት ባስቀመጥሽበት ይመጣል።

ሰበታ_ማተሚያ

ሰልጣኞቹ ፎቶሾፕ ያለበት ቤት ቢቀጠሩስ? እዚያ አይከን መቀየር ይቻላል?

ገላን_ፒክስል

አይቻልም፣ ጋሼ። ፎቶሾፕ የአይከን ስብስብ አያስመርጥም። «ኢንተርፌስ» ውስጥ ከአራት የመደብ ቀለም አንዱን ይመርጣሉ፣ በ«ኤዲት»፣ «ቱልባር» ደግሞ የትኛው መሣሪያ ይታይ የሚለውን ይወስናሉ፣ በቃ። ክሪታም (የመሳያ ፕሮግራም) ከመደቡ ጋር የሚሄድ አንድ ስብስብ ነው ያለው። ኢንክስኬፕ ከ1.0 ወዲህ በ«ቲሚንግ» ገጽ ያስመርጣል።

ፎቶጂምፕ የሚባለው ጥቅል ጂምፕን በፎቶሾፕ አቀማመጥና አቋራጭ ያሰልፈዋል። የሚሠራው ግን የተጠቃሚውን ሴቲንግ ፎልደር በመተካት ስለሆነ፣ እህቴ ብትሞክሪው መጀመሪያ ፎልደርሽን ኮፒ አድርጊ፤ «ኮዬ» ያለችው እዚያው ውስጥ ነው።

የኮዬዋ_አሰልጣኝ

ሁሉም ገባኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ያንኑ ማህተም ዴስክቶፕ ላይ ለምናስቀምጠው የትምህርት ፎልደር አይከን ላድርገው ብል ዊንዶውስ ፒኤንጂውን አይቀበለኝም።

የጣፎ_ጥገና

አይሲኦ ፋይል ነው የሚፈልገው፣ ጂምፕ ራሱ ይሠራዋል። አንድ ምስል ውስጥ እያንዳንዱን መጠን በየራሱ ሌየር አድርጊ፦ 16፣ 32፣ 48 እና 256። ሌየሮቹ ልክ በየመጠናቸው ይሁኑ፣ 48ቷን ሌየር በ256 ሸራ ልክ እንዳትዘረጊያት። 16ቷ በእጅ የሳልሻት ትሁን። «ኤክስፖርት አዝ» ብለሽ የፋይሉን መጨረሻ በነጥብ አይሲኦ ስትጨርሺ ዝርዝሩ ይመጣል፤ ለሁሉም 32 ቢት ከ8 ቢት አልፋ ጋር ምረጪ፣ 256ቷ ላይ ብቻ «ኮምፕረስድ»ን አብሪ። ከዚያ ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ከስተማይዝ»፣ «ቼንጅ አይከን»። ፋይሉ ፍላሽ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥ፤ ፍላሹ ሲነቀል አይከኑም አብሮ ይሄዳል።